የካርቦኗ 4,500 ኪሎ ሜትር

በተለመደው የባትሪ ድሪል ሞተር ውስጥ ሁለት ካርቦኖች አሉ። እያንዳንዷ ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ጥቁር ናት፣ የነካትን እጅ ታጠቁራለች፣ ከጀርባዋ ትንሽ ሞላ ይገፋታል። የተሰጣት ሥራ አንድ ብቻ ነው። ኮሙቴተር የሚባለውን የሚዞር የመዳብ ቀለበት ሳትለቅ ተደግፋ ኤሌክትሪክ ታሳልፍለታለች።

የኮሙቴተሩ ዲያሜትር 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዙሪያው 37.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 20,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ፑንታው ጫፍ ላይ ለዓይን የሚታየው ዙር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ በመካከል ያሉት ጥርሶች ከ500 እስከ 2,000 ድረስ አውርደውት ነው የሚወጣው። ካርቦኗ ግን የምታውቀው ሃያ ሺውን ነው። በአንድ ደቂቃ 754 ሜትር መዳብ ከሥሯ ያልፋል። በአንድ ሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ 84.7 ኪሎ ሜትር ነው። ካርቦኗ ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ ይህን ርቀት ሁለት ሰዓት ባልሞላ የሞተር ሥራ ትጨርሰዋለች። የካርቦኗ ሙሉ ዕድሜ 100 የሞተር ሰዓት ነው ብንል፣ በዚያ ጊዜ 4,524 ኪሎ ሜትር ይሞላል። በአዳማ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ካርቦኗ የሄደችው ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ የምትሰጠው አካል ቢበዛ 6 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለአንድ ጉዞ የከፈለችው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ሌላም ሚሊ ሜትር አለ። አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂና ባቱ የተቀመጡበት የስምጥ ሸለቆ ወለል ዛሬም እየተለጠጠ ነው፤ በሳተላይት መለኪያ ሲታይ ሁለቱ ዳርቻዎች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ዓመቱን ሙሉ በየዕለቱ የሚሠራ ድሪል ካርቦን የሚያልቀው ከእግር በታች ያለው ምድር ከሚሰፋው ጋር በተቀራረበ መጠን ነው። አንዱን ለማየት የጂኦሎጂ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሌላውን ለማየት ካካቢቴ ይበቃል።

እነዚህን ቁጥሮች መደርደር ያስፈለገው በመሣሪያ መሸጫ ሱቆች በየቀኑ ለሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው። በመደርደሪያው ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ድሪሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ላይ “ብራሽለስ” የሚል ጽሑፍ አለ፣ ዋጋውም ከሌላው ጎላ ብሎ ይበልጣል። ብራሽለስ ማለት ካርቦን የሌለው ማለት ነው። ለዚያች ለጠፋችው ጥቁር ነገር ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው ወይ? መልሱ በብር ከመቆጠሩ በፊት በደቂቃ መቆጠር አለበት።

በቅድሚያ ካርቦኗን የተካው ነገር ይታይ። በብራሽለስ ሞተር ውስጥ የሚዞረው ማግኔት ነው፤ ጥቅል ሽቦው በዙሪያው ቆሞ ይቀራል። የትኛው ጥቅል መቼ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ የሚወስን አንድ ትንሽ ቦርድ አለ፤ ቦርዱ ላይ ስድስት የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተሰልፈዋል። አራት ዋልታ ያለው ማግኔት በአንድ ዙር 12 ጊዜ ቅብብል ይፈልጋል። በደቂቃ 20,000 ዙር ማለት በሴኮንድ 333 ዙር ነው፤ ስለዚህ ቦርዱ በሴኮንድ 4,000 ጊዜ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ያበራል። በ100 ሰዓት ሥራ 1 ቢሊዮን 440 ሚሊዮን ጊዜ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ አንድም ጊዜ አንድ ነገር ሌላውን አይነካም። የሚያልቅ ነገር ቢኖር ኩሽኔታ ነው።

ካርቦን ረጅም ዘመን አገልግላለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመዳብ ሽቦ ጭራ ፋንታ ካርቦን ለሞተርና ለጄኔሬተር እንዲያገለግል ጆርጅ ፎርብስ በ1885 የባለቤትነት መብት አወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1895፣ ሽቱትጋርት ላይ የፌይን ኩባንያ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ የእጅ ድሪል ሠራ፤ ክብደቱ 7.5 ኪሎ ግራም ነበር። ብላክ ኤንድ ዴከር ገመድ አልባውን በ1961 አወጣ። ካርቦንን በኤሌክትሮኒክስ የሚተካው ሞተር በዓመቱ፣ በ1962፣ ዊልሰንና ትሪኪ በተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ጥናት ታትሞ ይፋ ሆነ። ነገር ግን ከወረቀቱ እስከ ሠራተኛው እጅ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ። ሁለት ነገሮች ይጠበቁ ነበርና፦ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው ብርቱው የኒዮዲሚየም ማግኔት፣ እና ሶኒ በ1991 ለገበያ ያበቃው የሊቲየም አዮን ባትሪ። ብራሽለስ ድሪል በግንበኛና በእንጨት ሠራተኛ እጅ በብዛት መታየት የጀመረው ከ2009 ወዲህ ነው።

አዳማ ግን ይህንኑ ሐሳብ ከብዙዎች ቀድማ በትልቁ አይታዋለች። በ2012 ሥራ የጀመረው የአዳማ 1 የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት፣ በድምሩ 51 ሜጋዋት። ተርባይኖቹ የጎልድዊንድ ሥሪት ናቸው። ጥርስ የላቸውም፣ ጄኔሬተራቸው ካርቦን የለውም፤ ክንፉ በቀጥታ የሚያዞረው በቋሚ ማግኔት የተከበበ ጄኔሬተር ነው። በድሪሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማግኔቱን ያዞራል፣ በኮረብታው ላይ ነፋስ ማግኔቱን አዙሮ ኤሌክትሪክ ያወጣል። መንገዱ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ተገልብጧል። በድሪሉ ሮተር ውስጥ ያለው ማግኔት በግራም የሚለካ ነው። በእንዲህ ያለው ተርባይን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሜጋዋት 600 ኪሎ ግራም ያህል ማግኔት እንደሚገባ ይገመታል፤ በዚህ ሒሳብ አንዱ ተርባይን 900 ኪሎ ይይዛል፣ ሠላሳ አራቱ ከ30 ቶን በላይ።

በመጠን የሚራራቁት ተርባይንና የእጅ መሣሪያ በሌላም ነገር ይገናኛሉ። የተርባይኑ ክንፎች ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ 77 ሜትር ስፋት አለው፤ በጥሩ ነፋስ በደቂቃ 17 ጊዜ ገደማ ይዞራሉ። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የተረጋጋ፣ እንዲያውም ዘገምተኛ እንቅስቃሴ ነው። የክንፉ ጫፍ ግን በሰዓት 247 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከሥሩ ባለች ከተማ ውስጥ ቱቦላሬ የሚቆርጥ ሠራተኛ የያዘው ትንሹ ግራይንደር የዲስክ ስፋቱ 115 ሚሊ ሜትር ነው፤ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የዲስኩ ጠርዝ ፍጥነት በሰዓት 238 ኪሎ ሜትር ነው። 670 እጥፍ የሚበልጠው ክብና በአንድ እጅ የሚያዘው ክብ ጠርዛቸው በሞላ ጎደል እኩል ይሮጣል። ያለ መነጽር ግራይንደር የሚይዝ ወጣት በየብየዳ ቤቱ አለ፤ ይህ ቁጥር ቢያንስ እሱ ጆሮ መድረስ አለበት።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ የሚይዘው 90 ዋት ሰዓት ነው። ባለ ካርቦን ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 80 በመቶ ነው፤ ብራሽለሱ ከ85 እስከ 90 በመቶ። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለስሌት 75 እና 88 ይያዙ።

የኮርኒስ ሠራተኛ እንውሰድ። አንድ የጂፕሰም ቦርድ 30 ያህል ብሎን ይወስዳል። በቀን 13 ቦርድ የሚሰቅል ሰው 400 የሚጠጋ ብሎን ያጠብቃል ማለት ነው። ለአንዱ 3 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ቀኑን ሙሉ በሥራ የዋለው ድሪል ሞተሩ በእርግጥ የዞረው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። የቀረው ሰዓት መሰላል መውጣት፣ ቦርድ ማንሳት፣ መለካት ነው። በዓመት 300 የሥራ ቀን ይኑር፦ 120,000 ብሎን፣ 100 የሞተር ሰዓት። ለእያንዳንዱ ብሎን ሞተሩ 1,000 ጊዜ ዞሯል፤ በዓመቱ 120 ሚሊዮን ጊዜ።

ለዚህ ሰው ካርቦኗ ሙሉ ዕድሜዋን በአንድ ዓመት ጨርሳለች። ሞተሩ በአማካይ 270 ዋት ቢስብ፣ በቀን አንድ ሙሉ ባትሪ ይበላል፤ በዓመት 300 ቻርጅ። ብራሽለሱ ያንኑ ሥራ በ256 ቻርጅ ይጨርሰዋል። ልዩነቱ 44 ቻርጅ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ500 ያህል ቻርጅ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል የሚለውን የተለመደ መለኪያ ብንይዝ፣ በካርቦኑ ድሪል ላይ ባትሪው 20 ወር ያገለግላል፣ በብራሽለሱ ላይ 23 ወር ተኩል። ባትሪ ከመሣሪያው ሁሉ ውዱ አካል ነው፤ ሦስት ወር ተኩል ቀላል ነገር አይደለም።

በኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚገኘው ቁጠባ ግን ምንም ማለት አይደለም። 300 ቻርጅ በድምሩ 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የቻርጀሩ ብክነት ሲጨመር 32 ገደማ። ከአዳማ ተርባይኖች አንዱ ብቻ በሙሉ ነፋስ 77 ሴኮንድ ሲዞር የዚህን ሠራተኛ ዓመታዊ ድሪል ይመግበዋል።

አሁን ደግሞ ድሪል ለቤቱ የገዛ ሰው ይታይ። መጋረጃ መስቀያ፣ የቴሌቪዥን መያዣ፣ የላላ ማጠፊያ፣ አንድ ሁለት መደርደሪያ። በዓመት 50 ቀዳዳ ብዙ ነው። ለአንዱ 10 ሴኮንድ ይስጡት፦ በዓመት 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ። በዚህ አያያዝ ካርቦኗ 100 ሰዓቷን ለመጨረስ 720 ዓመት ያስፈልጋታል። ዛሬ የምታልቅ ካርቦን ሥራ መጀመር የነበረባት ዓፄ ዓምደ ጽዮን በ1314 ከመንገሣቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ባትሪው በእርጅና ብቻ በጥቂት ዓመታት ይሞታል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ካርቦኗ አዲስ እንደሆነች ትቀራለች። ለዚህ ገዢ የብራሽለስ ተጨማሪ ዋጋ የሚገዛለት አንዳች ነገር የለም።

ከሁለቱ መካከል ያለው ሕዝብ ነው ከባዱ፤ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ዲሽ ሰቃዩ፣ ሳምንት ሠርቶ ሳምንት የሚጠብቀው አናጢ። ለእነሱ ከካርቦን ዕድሜ ይልቅ ሙቀት ይበልጥ ይመዝናል። ከላይ ባለው ስሌት የካርቦኑ ሞተር ለአንድ ቀን ሥራ 22.5 ዋት ሰዓት ሙቀት ያወጣል፣ ብራሽለሱ 9.2። ከግማሽ በታች ነው። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል ይቀላል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም በየዙሩ የሚገፋው አየር በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ወደ መተሐራ ሲወረድ አየሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱ ግን ይብሳል። የሊቲየም ሴል ከ45 ዲግሪ በላይ ሲግል ቻርጅ መደረግ የለበትም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ባትሪ ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል፤ ከሥራ እንደወጣ እየፋጀ ቻርጀር ላይ የሚሰካ ባትሪም እንዲሁ። ይህ ባትሪን ከካርቦን ፈጥኖ የሚገድል ልማድ ነው፣ ብራሽለስ መግዛትም አያድነውም።

ካርቦን ለምን በባትሪ መሣሪያ ላይ ይበልጥ እንደሚጎዳ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ስሌት አለ። በሁለቱ ካርቦኖች መገናኛ ላይ 1 ቮልት ያህል ይጠፋል እንበል። በግድግዳ ሶኬት ለሚሠራ ግራይንደር ይህ ከ220 ቮልት ላይ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ከ18 ቮልት ላይ ግን ከ5 በመቶ በላይ ነው። በዚያ ላይ 720 ዋት ለማግኘት ከሶኬቱ 3.3 አምፔር ይበቃል፤ ከባትሪው 40 አምፔር ያስፈልጋል። ያ ሁሉ በሁለት ጥቁር ቁራጮች ፊት ያልፋል። በአሮጌ ድሪል የአየር ማስወጫ ሽንቁር ውስጥ ሲመሽ የሚታየው ሰማያዊ ብልጭታ ይህ ነው። ስለዚህ ሶኬት ባለበት ወርክሾፕ ቁጭ ብሎ ብረት ለሚቆርጥ ሰው የተለመደው ባለ ገመድ ባለ ካርቦን ግራይንደር ዛሬም ትክክለኛው መሣሪያ ነው። 90 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ በ720 ዋት ሥራ የሚቆየው 7 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው። መብራት በማይደርስበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ወይም ከአዳሚ ቱሉ ወጣ ባለ እርሻ ላይ የውኃ ፓምፕ ብረት ለሚገጥም ሰው ግን ግራይንደሩ የባትሪ መሆኑ ግድ ነው፤ የባትሪ ከሆነ ደግሞ ብራሽለስ መሆን አለበት። በዚህ አንድ መሣሪያ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

በጥገናው በኩል ሚዛኑ ወደ ሌላ ያጋድላል። ከውጭ በብሎን የሚከፈት የካርቦን ክዳን ያለው ድሪል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አዲስ ካርቦን ገብቶለት ወደ ሥራ ይመለሳል። በብዙ ርካሽ የባትሪ ድሪሎች ላይ ይህ ክዳን የለም፤ ካርቦኗ በሞተሩ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጋለች፣ ስታልቅ ሞተሩ በሙሉ ይቀየራል። የብራሽለሱ ቦርድ ደግሞ ከአቧራና ከእርጥበት እንዲጠበቅ በሙጫ ተደፍኖ ነው የሚመጣው። ሲቃጠል በመንደር ጥገና አይነካም፤ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ቦርድ መገኘት አለበት። ቦርዱ ካልተገኘ 1.44 ቢሊዮን ጊዜ መቀባበል የሚችለው መሣሪያ ዕቃ ማስቀመጫ ይሞላል። ለመሣሪያው ዋጋ የሁለት ወር ገቢውን ለሚያወጣ ወጣት ይህ ከብክነት በመቶኛ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ነው።

አንድ ቁጥር ግን ከስሌቱ ሁሉ መውጣት አለበት። በአንዳንድ ባትሪዎች ላይ በትልቁ 48፣ 88፣ አልፎም 128 ተብሎ ይጻፋል፤ ገዢው ቮልት ነው ብሎ ያነባል። በባትሪው ውስጥ ያሉት የሊቲየም ሴሎች እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት ናቸው፣ ሙሉ ለሙሉ ሲሞሉ 4.2። በተለመደው የእጅ ድሪል ባትሪ አምስት ሴሎች በተከታታይ ይደረደራሉ፦ 18 ቮልት፣ በሙሉ ቻርጅ 21። “20 ቮልት” የሚለውም ይኸው አምስቱ ነው። ከአምስት ሴል ከ21 ቮልት በላይ አይወጣም። በእውነት 128 ቮልት ለማግኘት 36 ሴል በተከታታይ መደርደር ያስፈልጋል፤ አንዱ 45 ግራም ይመዝናል፣ ሴሎቹ ብቻ ከ1.6 ኪሎ ይበልጣሉ። እጅ ላይ ያለው ባትሪ ግማሽ ኪሎ ከሆነ የተጻፈው ቁጥር ቮልት አይደለም። ይህን ለማወቅ ኤሌክትሪሺያን መጥራት አያስፈልግም፤ የጎረቤት ሱቅ የስኳር ሚዛን ይበቃል።

እንግዲህ ወደ መደርደሪያው ሲሄዱ በመጀመሪያ ሞተሩ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚዞርልዎት ያስሉ፤ መሣሪያው ከእጅዎ የማይለይበትን ሰዓት ሳይሆን ሞተሩ የሚዞርበትን። በቀን ከአሥር ደቂቃ በላይ ከሆነና ኑሮዎ በእሱ ከሆነ፣ ለዚያው ሞዴል ቦርድ እንደሚገኝ ሻጩን አስረግጠው ጠይቀው ብራሽለሱን ይውሰዱ። በሳምንት አሥር ደቂቃ የማይሞላ ከሆነ ባለ ካርቦኑን ወስደው በተረፈው ገንዘብ ትክክለኛ ሁለተኛ ባትሪ ይግዙ። ከሁለቱ የትኛውንም ከመግዛትዎ በፊት ግን ባትሪውን ያስመዝኑ።